የኬላ ሜዳ አጥንት

መንግሥት ኬላ ሜዳ ላይ መጋዘን ሊሠራ ነው የተባለ ጊዜ ወለተማርያም አልደነገጠችም። በዚያ ዘመን መንግሥት ያልሠራው እንጂ እሠራለሁ ያላለው ነገር አልነበረም፤ ጉለሌ ውስጥ ብቻ ስንት የመሠረት ድንጋይ ተጥሎ፣ ስንት ጭብጨባ ተጨብጭቦለት ፍየል ሲግጥበት ቀርቷል። ያስደነገጣት ሌላ ነው። የቀበሌው ሰው ጌጡ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ «ግንባታው ከመጀመሩ በፊት የጥናት ጓዶች መጥተው ሜዳውን ይቆፍራሉ። ከመሬቱ ስር የጥንት ከተማ አለ ተብሏል። ከየቤቱ አንድ ሰው ለቁፋሮ ይውጣ» ሲል ነው ዓይኗ የጨለመው።

ከመሬቱ ስር ከጥንቱ ከተማ ሌላ ልጇ አለ።

ኬላ ሜዳ ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ ሲወጡ፣ ባሕር ዛፉ ሊጀምር ሲል ያለ ገላጣ ቦታ ነው። የድንጋይ ክምር፣ የፈረሰ ካብ፣ ሣር የዋጠው መንገድ። ሽማግሌዎች እንደሚሉት ድሮ የንጉሡ አገር እዚህ ላይ ያልቅና ከዚያ ወዲያ የሌላ አገር ይጀምር ነበር። ድንበሩን የሚጠብቅ ጦር ሰፈረ፣ ጦሩን የሚቀልብ ገበያ ቆመ፣ ከወዲህም ከወዲያም የመጣ ሰው ተጋብቶ ተዋልዶ ከተማ ሆነ፤ ከዚያ አንድ ቀን ጠፋ። እንዴት ጠፋ ሲባሉ አንዱ እሳት ነው ይላል፣ አንዱ ፈንጣጣ፣ አንዱ የእግዜር ቁጣ። የሰፈሩ ሰው ግን ቦታውን ከመፍራቱ የተነሣ ድንጋዩን ለቤት መሠረት እንኳ አያነሳውም። እሷና ባሏ ተክለሃይማኖት በክፉው ቀን የመረጡትም ለዚሁ ነው፤ ሰው የማይነካው ቦታ ነዋ።

ክፉው ቀን የቀይ ሽብር ጊዜ ነው። ልጇ ብርሃኔና የጎረቤቷ የደሳለች ልጅ ኢታና፣ ሁለቱም ገና የጺም እንቡጥ ያላቸው ጎረምሶች፣ በአንድ ሳምንት ከሰፈር ጠፉ። ጥቂት ቀን ቆይቶ ጎህ ሲቀድ፣ ከእንጦጦ እንጨት የሚያወርዱ ሴቶች በሯን ቆረቆሩና «ወለቴ፣ ሹራቡን አወቅነው» አሏት። አረንጓዴ ሹራብ፣ ደረቱ ላይ ቀይ መስመር ያለው፣ ራሷ በእጇ የሠራችው። ሌላ የሚታወቅ ነገር አልነበረም፤ ጥይቱ ፊቱን እናት እንኳ እንዳትለየው አድርጎታል። ማልቀስ ክልክል፣ መቅበር ክልክል፣ ሬሳ የነካ ሬሳ ይሆናል የሚባልበት ወቅት ነው። ባልና ሚስት ጭጋጉ ሳይገለጥ በጋቢ ጠቅልለው፣ ሹራቡን ሳያወልቁለት፣ ኬላ ሜዳ ላይ ካንድ የፈረሰ ግድግዳ ጥግ ቀበሩት። ደረት አልተመታ፣ ድንኳን አልተተከለ፣ ፍትሐት አልተደረሰ። ተክለሃይማኖት ዓመት ሳይሞላው ተከተለው። ሐኪሙ ጉበቱ ነው አለ። እሷ ግን ያልወጣ ለቅሶ ነው የገደለው ትላለች፤ ከሐኪሙ ይልቅ እሷን ማመን ይቀላል።

ደሳለች ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ ናት። ወለተማርያም የኦርቶዶክስ ልጅ፣ ደሳለች ጴንጤ። አንዷ ስትጾም ሌላዋ ትበላለች፣ ጨው ሲያልቅባቸው ግን የሚያንኳኩት አንዳቸው የሌላቸውን በር ነው። ልጆቹ ደግሞ የማን ልጅ ማን ቤት እንደሚያድር እስኪጠፋ አብረው ያደጉ ናቸው። ከዚያ መዓት በኋላ በነጋዴ አፍ ወሬ መጣ፦ ከጉለሌ ከጠፉት ከሁለቱ ልጆች አንዱ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ ታይቷል። አንዱ ከተባለ እንግዲህ ማን ሊሆን ነው? ብርሃኔ ኬላ ሜዳ እንደ ተቀበረ ደሳለችም ታውቃለች፤ የቀረው ኢታና ነው። ደሳለች ተንበርክካ አምላኳን አመሰገነች።

ወሬ እግር አለውና የኢታናን ስም ይዞ ቀበሌም ደረሰ። «ልጅሽ ከወንበዴ ተቀላቅሏል» ተብላ ታሰረች፣ ውስጥ እግሯን ተገረፈች፣ ከቀበሌው ሱቅ ስኳርና ሳሙና እንዳይሸጥላት ተከለከለች። የተፈታች ዕለት እያነከሰች መጥታ፣ «ይግረፉኝ ወለቴ። የሚገርፉኝ ልጄ ስላለ ነው» ብላ ሳቀች። ያች ሳቅ ወለተማርያምን ስትበላት ኖረች። እውነቱ ይነገር፤ ቀናችባት። የሷ ሲተርፍ የኔ ስለ ምን? እያለች አንድ ክረምት ሙሉ ኩርፊያ ይዛ ከረመች። ደሳለች ወይ አላወቀችባት፣ ወይ እንዳላወቀች ሆነች። የሰው ልብስ አጥባ ስትመለስ በሯ ላይ ቆማ «ወለቴ፣ በልተሻል?» ማለቷን አንድም ቀን አልተወችም።

እንግዲህ ቁፋሮው ሲጀመር ወለተማርያም ከሰው ሁሉ ቀድማ ወጣች። ጌጡ ሲያያት ተገረመ። «እትዬ ወለተማርያም፣ ለአብዮቱ እንዲህ ታጥቀው ሲነሡ ዛሬ ገና አየሁ» አላት። ጌጡ ያኔ ጠመንጃ አንግቶ ሰፈሩን ያስጨንቅ የነበረ አብዮት ጠባቂ ነው፤ አሁን ወፍሮ፣ ጥላ ስር ወንበር አስቀምጦ ሠራተኛ ይቆጣጠራል። «ምን ላድርግ ልጄ፣ ቤት ተቀምጬ ከምዝግ» አለችው። ሐሳቧ ግን ሌላ ነው። ቆፋሪዎቹ ግድግዳው ጥግ ከመድረሳቸው በፊት ራሷ ቀድማ አጥንቱን ለቅማ፣ በቅጠል ሸክም ሸፍና፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ልታወርደው ነው። እንጦጦን ስትወጣ ስትወርድ ለኖረች ሴት ሸክም ብርቅ አይደለም።

የጥናቱ ኃላፊ ስብሐት የሚባል ጎልማሳ ነው፤ መነጽሩ በአቧራ ታፍኖ የሚውል፣ ቁጡ ነው ሲሉት የሚስቅ። ካስማ ቸክሎ፣ ገመድ ዘርግቶ፣ ሜዳውን እንደ ገበጣ ከፋፍሎ አንዱን ክፍል ሳይጨርስ ሌላውን አያስነካም። ዶማ ለሣሩ ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች በትንሽዬ የግንበኛ ማንኪያና በብሩሽ ነው። የወጣው አፈር ሁሉ በወንፊት ይነፋል። ወለተማርያምን ወንፊት ላይ መደባት።

የወጣው ነገር ሰውን ሁሉ አፍ አስያዘ። የሸክላ ገል፣ ጨሌ፣ የዛገ የጦር ጫፍ፣ የእህል መውቀጫ። ቀጥሎ አመድ፣ በየክፍሉ አመድ፣ ክንድ የሚሞላ ጥቁር አመድ። ከአመዱ ስር ሦስት ጉልቻ፣ ከጉልቻው ላይ ማሰሮ እንደተጣደ።

«አዩት እማማ?» አላት ስብሐት፣ ከማሰሮው አጠገብ በእንብርክኩ ሆኖ። «ወጡን ሳያወጡ ነው የጠፉት። አንድ ቀን ነው፤ ምናልባት አንድ ጠዋት።»

«የት ሄዱ?»

«እሱን ነው እንግዲህ የምንፈልገው።»

ወለተማርያም ማሰሮውን አየች። ይህን ወጥ የጣደችው ሴት ልጆቿን ስትጠራ ታያት። ለእነዚህስ ማን አልቅሶላቸው ይሆን ብላ አሰበች።

ሐሳቧ ግን አልሰመረም። በቀን ሠራተኛው ዓይኑን አይነቅልም፤ ማታ ዘበኛ ያድራል። ገመዱ በየቀኑ ወደ ግድግዳው ይጠጋል። በመጨረሻ፣ ግሬደሩ ነገ ይገባል በተባለበት ዕለት፣ ስብሐት ራሱ ማንኪያውን ይዞ እዚያው ጥግ ወረደ። ወለተማርያም ወንፊቷን ጥላ ተከትላው ወረደች።

ጥቂት ጫር ጫር አደረገና ቆመ። «እዚህ መሬቱ ተነክቷል» አለ። «አመዱ ተቋርጧል፣ አያችሁ? ከላይ የቆፈረ ሰው አለ።» በብሩሹ ጠረገ። ከቡናማው አፈር ውስጥ አረንጓዴ ብቅ አለ። አንድ ጊዜ ደግሞ ጠረገ፤ ቀይ መስመር።

ስብሐት ብሩሹን ያዘና ቀረ። ሞኝ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ያለፈ ሰው ይህ ምን እንደሆነ ለማወቅ ነጋሪ አያሻውም። ቀና ብሎ ጌጡን ፈለገ። ጌጡ ከታች ጥላው ስር ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ያሸልባል። ስብሐት ሠራተኞቹን «ምሳ ውጡ» ብሎ አሰናበታቸው። ሲርቁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማማ፣ ይሄ የጥንት አይደለም። ይውጡ፣ አይዩት» አላት።

«የኔ ነው ልጄ» አለችው። «እኔው ነኝ ያስቀመጥኩት።»

መነጽሩን አወለቀ፤ መልሶ አጠለቀ። ብዙ ሰው የሚሸሽበት ሰዓት ነበር። እሱ ግን፣ «እንግዲያው ቶሎ ላውጣልዎት፤ እኔ ሳወጣ አጥንቱ አይሰበርም» ብሎ ተንበረከከ። ጋቢውን ገለጠ፤ የበሰበሰው በራሱ ለቀቀ። ከአንገቱ አጥንት ላይ ጥቁር ክር፣ ክሩ ላይ ትንሽዬ መስቀል ታየ። ወለተማርያም አወቀችው፤ የራሷ ማዕተብ ነው። ያን ዕለት የልጁ አንገት ባዶ ሆኖ ብታገኘው፣ አረመኔዎቹ ማዕተቡን እንኳ በጥሰውበታል ብላ የራሷን ፈትታ ያሰረችለት ነው።

ስብሐት ሥራ ሲይዝ ድንጋጤውን በምላሱ የሚያባርር ሰው ሆኖ ተገኘ። ለራሱ ያህል ያጉተመትማል። «ወጣት ነው... የጥበብ ጥርሱ እንኳ አልወጣም... ግራ ክንዱ በልጅነቱ ተሰብሮ ነበር። ጠሞ ነው የገጠመው፣ ምስኪን...»

«ምን አልክ?»

«ክንዱ፣ እማማ። ይኸው። እዚህ ጋ ተሰብሮ ያለ ሐኪም ነው የዳነው።»

«የኔ ልጅ ተሰብሮ አያውቅም።»

የክንዱ አጥንት እንደ ቆልማማ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጠምዘዝ ብሎ ከአፈሩ ላይ ተጋድሟል። ወለተማርያም ጎንበስ ብላ አየችው። ይህን ክንድ ታውቀዋለች። ኢታና ልጅ ሳለ ከእሷ ጋር እንጨት ሊለቅም ወጥቶ ከዛፍ ላይ ወደቀ፤ አዝላው የወረደችው እሷ ናት፣ ሐኪም ቤት እያለ ወጌሻው ቶለሳ ዘንድ የወሰደችውም እሷ ናት። ክንዱ ጠሞ ሲቀር ደሳለች፣ «አንቺ ነሽ ያጣመምሽብኝ!» ብላ ስንት ቀን አኩርፋታለች።

አፏን በነጠላዋ አፈነች። ሹራቡ! ልጆቹ መቼ የየራሳቸውን ለብሰው ያውቃሉ? አንዱ ያንዱን ጎትቶ መውጣት ልማዳቸው አልነበረም? ማዕተቡንም ማንም አልበጠሰውም፤ ቀድሞውንም አልነበረውም። የጴንጤ ልጅ አንገት እኮ ነው፤ እሷ የኔ ልጅ ማዕተብ ሳይኖረው አይቀርም ብላ፣ ገዳይን በሌለ ኃጢአት ከስሳ፣ የሰው ልጅ አንገት ላይ የራሷን አስራ ቀበረች።

ከዚያ የባሰው መጣባት። በየዓመቱ የሙት ቀኑን እየጠበቀች ለንስሐ አባቷ በጆሯቸው ሹክ እያለች፣ የልጇን የክርስትና ስም ከሙታን ጋር ስታስጠራ ኖራለች። በሕይወት ያለ ልጇን! ገዳሪፍ ላይ የታየው አንዱ ልጅ... የጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠች። ደስታ እንደ ሌባ ልቧ ውስጥ ሲገባ ተሰማት፤ ብርሃኔ አለ። ደስታው ሳይጨርስ ግድግዳውን ተሻግሮ ደሳለች ቤት ደረሰና እዚያ መርዶ ሆነ። ተክለሃይማኖትስ? ያ ሰው ላልሞተ ልጅ ነው የሞተው? መሳቋን ይሁን ማልቀሷን ራሷም አላወቀችም። ስብሐት ፈርቶ ውኃ አመጣላት።

«እማማ፣ እንዲህ ይሁን» አላት። «ከሰዓት በኋላ ሠራተኛው ሲመለስ ይሄ ጉድጓድ ባዶ መሆን አለበት። ነገ ግሬደሩ ነው። እናቱ ካለች... አሁን ነው።»

መርዶ እንዲህ አይነገርም። መርዶ ወገን ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ በማለዳ ነው፤ ሰው በቁሙ እንዳይወድቅ ከግራ ከቀኝ ተደግፎ ነው። ግን ወገን መሰብሰብ ቀበሌን መጥራት ነው። ወለተማርያም ብቻዋን ቁልቁል ወረደች።

በእግሯ ሰበብ ከቁፋሮው የቀረችውን ደሳለችን ልብስ ስታሰጣ አገኘቻት። ፊቷን አይታ እርጥቡን አንሶላ ሣር ላይ ጣለችው። «ምነው ወለቴ? ብርሃኔን አገኙት?»

ወለተማርያም እጇን ያዘቻት። «ነይ» ብቻ አለቻት።

ደሳለች ነጠላዋን ነጥቃ ተከተለቻት። አቀበቱን ሙሉ፣ በዚያ በሚያነክስ እግሯ ወገቧን ደግፋ፣ «በርቺ። ጌታ ያበርታሽ። እኔ አለሁልሽ፣ አብረን እናነሳዋለን። ቢያንስ አፈር ያለበትን ታውቂያለሽ» እያለች ስታጽናናት ወጡ። እያንዳንዱ ቃል እንደ እሾህ ይሰካባታል፤ ግን አላረመቻትም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አንዴ ካለችው አይመለስም።

ጉድጓዱ ጋ ሲደርሱ ስብሐት ገለል አለ። ወለተማርያም እጇን ዘርግታ፣ «ክንዱን እይው ደሴ» አለች። «ግራውን።»

ደሳለች ጎንበስ አለች። ለጊዜው ምንም አልገባትም። ከዚያ ወረደች፣ ተንበረከከች፣ በውኃ የላሸ ጣቷን በአጥንቱ ላይ አስኬደችው። ጣቷ የጠመመው ጋ ሲደርስ ቆመ። ተመለሰና እንደገና ሄደ። እንደገና እዚያው ቆመ። ወለተማርያም ጩኸት ጠበቀች፤ አልመጣም።

«ይሄን ማን አሰረለት?» አለች በመጨረሻ፣ ክሩን እያየች።

«እኔ። የበጠሱበት መስሎኝ።»

«እሱ እኮ አልነበረውም።»

«አልነበረውም፤ አዎ።»

ደሳለች ቀና አለች። ፊቷ አመድ መስሏል። «እንግዲያ ገዳሪፍ ያለው ብርሃኔ ነው» አለች። ወለተማርያም ሊነግሯት የማይቻል የመሰላት ነገር ከራሷ ከደሳለች አፍ ወጣ። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ ከደስታዋ የተነሣ አፈረች፣ መሬት አልዋጠቻትም እንጂ ብትውጣት በወደደች። «ይቅር በይኝ» አለች። «ቀንቼብሽ ነበር። ስንት ዓመት ቀናሁብሽ።»

«ምን ዓይነት ጋቢ ነበር?» አለች ደሳለች፣ እንዳልሰማች ሆና። «ወፍራም ነበር?»

«የተክለሃይማኖት ነው። አዲሱ።»

«ጥሩ።»

በዚህ መሐል የጌጡ ኮቴ ተሰማ። ሠራተኛው ያለ ሰዓቱ ለምሳ መበተኑ አንቅቶት፣ ባርኔጣውን እያስተካከለ ወደ ጉድጓዱ አፍ መጣ። ስብሐት ቀድሞት፣ «የጥንት ሰው ነው፣ ከከተማው ነዋሪዎች» አለ።

ጌጡ ወደ ታች አየ። «የጥንት ሰው ሹራብ ይለብስ ነበር እንዴ?» አለ። ጌጡ ፊቱ ተለወጠ፤ ያን ጊዜ የሰፈሩን ልጆች ማን እንዳጠፋቸው ያውቃል፤ ማወቁም ደስ አላሰኘውም። ከዚያ የለመደው ጥርጣሬ ተመልሶ መጣ። «ከሁለቱ አንዱ ነው። የትኛው ነው?»

ወለተማርያም ገባት። እውነቱ ከተነገረ፣ ሱዳን ያለው ወንበዴ የሷ ልጅ ነው። ጅራፉም፣ እስሩም፣ የሱቁ ክልከላም ግድግዳውን ተሻግሮ ወደሷ ይመጣል። ብርሃኔም አንድ ቀን ቢመለስ፣ ሞቷል ተብሎ ስለተረሳ ተደብቆ ሊገባበት የሚችለው በር ይዘጋል። ግን ደሳለች እስከ ዛሬ በሷ ልጅ ተገርፋለች፤ ይበቃል። ተነሣች። «ይሄ የ...»

«ብርሃኔ ነው» አለች ደሳለች።

አፈር ላይ እንደ ተንበረከከች፣ የልጇን ክንድ እንደ ያዘች ነው ያለችው። ድምፏ አልተንቀጠቀጠም። «የወለቴ ልጅ ነው። ሹራቡን አላወቅከውም? እሷ ናት የሠራችው።»

ጌጡ ወደ ወለተማርያም ዞረ። «እትዬ፣ ልጅዎ ነው?»

ወለተማርያም ደሳለችን አየቻት። ደሳለች አላየቻትም።

«ልጄ ነው» አለች ወለተማርያም፤ አለችና ያ ለዓመታት የታፈነ ለቅሶ ደረቷን ፈንቅሎ ወጣ። ለኢታና ይሁን፣ ለተክለሃይማኖት ይሁን፣ ለደሳለች ይሁን አታውቅም፤ ደረቷን እየደቃች ጮኸች።

ጌጡ ባርኔጣውን አወለቀ። «እንግዲህ ያለፈ አለፈ» አለ፣ ወደ ዛፎቹ እያየ። «ያልቅሱ። እናት ነዎት። ወስዳችሁ በጸጥታ ቅበሩት፤ እኔ አላየሁም።» ሊሄድ ብሎ ደሳለችን አያት። እንባዋ ያለ ድምፅ አገጯ ላይ ደርሶ አጥንቱ ላይ ይንጠባጠባል። «አንቺ ደግሞ ምን ያስለቅስሻል?» አላት። «ያንቺማ ሱዳን ተቀምጦ ይበላል።»

ደሳለች በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች።

«እሱስ ነው» አለች። «የኔ ልጅማ አለ።»

ክንዱን ቀስ ብላ ከነበረበት መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ተነሥታ ከጉድጓዱ ወጣችና፣ እንደ ጎረቤት ወጉ፣ ወለተማርያምን አቅፋ ታጽናናት ጀመር።